ከምስጋናው ገጽ ያልወጣችው ሴት

መቀሌ ውስጥ ከመጽሐፍ አዟሪዎች እጅ የመኮንኖችን ማስታወሻ መግዛት ከጀመርኩ ቆየሁ። ቤቴ ያለው መደርደሪያ ላይ አሁን አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። የደርጎቹ አሉ፦ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን»፣ የፍሥሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ»፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»። ከታጋዮቹ ወገን የተጻፉ አሉ። ከቅርቡ ጦርነት በኋላ የወጡም አሉ። በፖለቲካ አንዱ የሌላውን ዓይን ማየት አይፈልግም፤ በአንድ ነገር ግን አብዛኞቹ ይስማማሉ። ተራራው በስሙ ይጠራል፣ ክፍለ ጦሩ በቁጥሩ ይጠራል፣ የተማረከው መድፍ ይቆጠራል። ሚስት ግን ብቅ የምትለው ሁለት ቦታ ነው፤ ሰርጉ ላይ እና የምስጋናው ገጽ ላይ። ለትዕግሥቷ ትመሰገናለች። ልጆቹን ብቻዋን በማሳደጓ ትመሰገናለች። አለቀ።

እሺ፣ ብቻዋን ያሳደገቻቸው እንዴት ነው? በስንት ብር? ደመወዝ ሲዘገይ ከማን ተበደረች? ባሏ ከግዳጅ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር? ይህን የሚመልስ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ የለም።

ሙግቴ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ጋር ነው። የመጀመሪያዎቹ «የመኮንን ሚስት ምን ታውቃለች? የጓዳ ወሬ ነው» የሚሉ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ የተማሩ ጓደኞቼ ናቸው፤ «ሴቶች ቢጽፉት ኖሮ እውነቱ ይወጣ ነበር» ይላሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። የጓዳው ወሬ ታሪኩ ራሱ ነው። ሴት ስለጻፈችው ብቻ ግን እውነት አይሆንም። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልናገር።

የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ እንዳየሱስ ግቢ፣ ለአንድ የኮድ ሥራ መለማመጃ ብዬ ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በሺህ የሚቆጠሩ ነፃ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አውርጄ ነበር። ለማንበብ አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ቃል ቆጥሮ መጽሐፍ እንዲመድብልኝ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስልክ ጠፋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ላፕቶፔን ቻርጅ አደርግና ያለኝን አነባለሁ። ያለኝ እነሱ ነበሩ።

እዚያ ውስጥ ነው የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ሚስቶች የጻፏቸውን ያገኘሁት። ነጮቹ ወደ ምዕራብ እየገፉ የነባሩን ሕዝብ መሬት በያዙበት ዘመን፣ ከባሎቻቸው ጋር በየምሽጉ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፋቸው፣ ዛሬም የሚነበቡ መጻሕፍት ጽፈዋል። ማርታ ሳመርሄይስ እ.ኤ.አ. በ1874 ከባሏ ጋር ወደ አሪዞና ወረደች፤ «የጠፋችው አሪዞና» የሚለውን መጽሐፏን በ1908 አሳተመች። ፍራንሲስ ሮው ለወዳጇ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች በ1909 አወጣች። ኤልሳቤጥ ከስተር፣ የዚያ በሊትል ቢግሆርን የተገደለው የጄኔራል ከስተር ሚስት፣ ሦስት መጻሕፍት ጻፈች፤ በ1885፣ በ1887 እና በ1890።

አንድ ነገር ገረመኝ። የጦሩ ደንብ የመኮንን ሚስት የሚባል ሰው አያውቅም ነበር። ደንቡ የሚያውቃት ሴት የልብስ አጣቢዋን ነበር፤ አጣቢዋ ራሽን ይቆረጥላታል፣ ማደሪያ ይሰጣታል። ይህም እስከ 1878 ገደማ ቆይቶ ቀረ። የመኮንኑ ሚስት ባሏን ተከትላ የምትሄድ ጓዝ ነበረች። እናም ደንቡ የሚያውቃት ሴት ሳትጽፍ ቀረች፤ ደንቡ የማያውቃት ጻፈች። ለምን? አንዷ ፊደል ቆጥራለች፣ ጊዜ አላት፣ ልብሷን ሌላ ሰው ያጥብላታል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

መጻሕፍቱ ያምራሉ፤ ልዋሽ አልፈልግም። በሻማ እያነበብኩ የሳቅሁባቸው ገጾች አሉ። ሳመርሄይስ ካምፕ አፓቼ በሚባል ቦታ፣ ከማንም ዘመድ ርቃ፣ በጥር ወር ትወልዳለች። የአራስ ጥሪ ብሎ የሚመጣ እናት የለ፣ አክስት የለ። የሚመጡላት የአፓቼ ሴቶች ናቸው፤ ለሕፃኑ በእነሱ ወግ የተሠራ ማዘያ ይዘው። ይህን ሳነብ እናቴ ገንፎ ይዛ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ታየችኝ። ግን ስሟስ? ማዘያውን የሠራችው ሴት ማን ትባላለች? ልጅ ነበራት? ከዚያ በኋላ ወዴት ወሰዷት? የሳመርሄይስ ባል እዚያ የተገኘው እኮ የእነዚያን ሴቶች ሕዝብ ሊጠብቅ፣ ሊቆጥር፣ ካስፈለገም ሊወጋ ነው። መጽሐፉ ስጦታውን ተቀብሎ ያልፋል።

ኤልሳቤጥ ከስተር ከዚህ ትብሳለች። ባሏ በኅዳር 1868 እ.ኤ.አ. ዋሺታ ወንዝ ዳር የሻየኖችን ሰፈር በንጋት ወግቶ፣ ከሃምሳ በላይ ሴቶችና ልጆች ማርኮ ይመለሳል። ምርኮኞቹ ካንሳስ ወደሚገኘው ፎርት ሄይስ ይወሰዳሉ። ኤልሳቤጥ ልታያቸው ትሄዳለች፤ ስለ እነሱም ትጽፋለች። መልካቸውን፣ ልብሳቸውን፣ እሷ የተሰማትን ፍርሃት ታወራለች። ባሎቻቸውን የገደለው ግን ማታ አብሯት እራት የሚበላው ሰው ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ ደግ፣ ተጫዋች፣ ውሻ ወዳድ ሆኖ ነው የሚታየው።

ባሏ በሰኔ 1876 ሲሞት የ34 ዓመት ሴት ነበረች። አላገባችም። እስከ 1933 ድረስ፣ 57 ዓመት ሙሉ፣ ሥራዋ የባሏን ስም መጠበቅ ሆነ። አብረውት ያገለገሉ ብዙ መኮንኖች ባልቴቷን ላለማስቀየም ዝም አሉ። እሷ በሞተች በዓመቱ፣ በ1934፣ ከስተርን ክብር አሳዳጅ ብሎ የሚተች የሕይወት ታሪክ ወጣ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ የአንድ ጦርነት ታሪክ በአንዲት ሴት ሐዘን ተይዞ ቆመ ማለት ነው።

ይህ ብቻውን ቢሆን የአንድ ሰው ጠባይ ነው ብዬ ባለፍኩት። ግን የካሪንግተን ቤትም አለ። ኮሎኔል ሄንሪ ካሪንግተን የፎርት ፊል ከርኒ ምሽግ አዛዥ ነበር። በታኅሣሥ 1866 እ.ኤ.አ. ከምሽጉ የወጡ 81 ሰዎች ከላኮታና ከሻየን ተዋጊዎች ጋር ገጥመው አንድም አልተመለሰም። ጥፋቱ በኮሎኔሉ ላይ ተላከከ። ሚስቱ ማርጋሬት በ1868 መጽሐፍ አወጣች፤ መጽሐፉ ባሏን ይከላከላል። በዚያው ዓመት ምሽጉ ተለቀቀ፣ ተቃጠለም። ማርጋሬት በ1870 ሞተች። ኮሎኔሉ በማግስቱ ዓመት ሌላ ሴት አገባ፤ ፍራንሲስን። ፍራንሲስ ማን ነበረች? በዚያው ቀን ከምሽጉ ወጥተው ከሞቱት አንዱ የነበረው የመቶ አለቃ ሚስት፤ ነፍሰ ጡር ሆና የባሏን አስከሬን ይዛ ወደ አገሯ የተመለሰች። እሷም በ1910 መጽሐፍ ጻፈች። እሷም ኮሎኔሉን ተከላከለች። አንድ ሰው፣ ሁለት ሚስት፣ ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ የመከላከያ መልስ።

እንግዲህ «ሴቶች ቢጽፉት እውነቱ ይወጣ ነበር» ለሚሉት ጓደኞቼ መልሴ ይሄ ነው። ጽፈውታል። የወጣው የባል ጠበቃ ነው።

ታዲያ ለምን ይጻፍ እላለሁ? እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አንድ ሲስተም ሲወድቅ ኃላፊው የሚጽፈውን ሪፖርት አንብቤ ችግሩን አግኝቼ አላውቅም። ሪፖርቱ ማን እንዳልተሳሳተ ነው የሚናገረው። ችግሩን የማገኘው ሎጉን ስከፍት ነው፤ ማንም ለማስረዳት ብሎ ያልጻፈው፣ ሰዓትና ቁጥር ብቻ የሆነው። የእነዚህ ሴቶች መጻሕፍት ሁለቱንም ናቸው። ስለ ባል ሲያወሩ ሪፖርት ናቸው። ስለ ዱቄት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ሠራተኛ ሲያወሩ ግን ሳያውቁት ሎግ ይሆናሉ። ከስተር ቤት ታበስል የነበረችው ኤላይዛ ብራውን፣ ከባርነት የወጣች ሴት፣ ዛሬ የምትታወቀው ኤልሳቤጥ ከድስቱ አጠገብ ብዙ ገጽ ስለጻፈችላት ነው። የአፓቼዋ ማዘያም የተረፈው ሳመርሄይስ ስለ ባሏ ማውራት ትታ ስለ አራስ ቤት ባወራችበት ገጽ ነው። ጸሐፊዎቹ ባላሰቡት ቦታ መስክረዋል።

አሁን ወደ መቀሌ ልምጣ።

የኛ ከተማ የጦር ከተማ ናት። የተማርኩበት የእንዳየሱስ ኮረብታ ላይ በጥር 1888 ዓ.ም. ጣሊያኖች መሽገው ነበር። ምሽጉ የተፈታው ውሃው በመያዙ ነው፤ ምክሩ የእቴጌ ጣይቱ እንደነበር እያንዳንዱ ተማሪ ያውቃል። የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ስለሆነች ስሟ ተረፈ። ገንቦ ተሸክመው፣ እህል ፈጭተው፣ ያንን ሁሉ ሠራዊት ያበሉት ሴቶች ግን ስማቸው የት አለ? ከዚያ ደርግ መጣ፤ ካምፖቹ ሞሉ፤ ከሽሬው ሽንፈት በኋላ በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሠራዊቱ መቀሌን ጥሎ ወጣ። መኮንኖቹ ስለዚያ ማፈግፈግ ጽፈዋል። ሕፃን ይዛ የትኛው መኪና ላይ እንደምትሳፈር የተጨነቀችው ሴት አልጻፈችም። በ1983 ያ ሠራዊት ሲበተን ከካምፕ የወጡት ሚስቶችም አልጻፉም። ቀጥሎ የሰሜን ዕዝ መቀሌን መቀመጫው አደረገ።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። በሰፈራችን ግን የወታደር ሚስቶች ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ እኔም ግማሹን አማርኛ የለመድኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእነሱ ነው። እናቴ ጊቢያችን ውስጥ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ታከራይ ነበር። በ2008 አንዲት የሻምበል ሚስት ገባች። ልጇ ሳሚ ይባላል፤ እሷን የሳሚ እናት እንላታለን፤ እናቴ ደግሞ «ኣደ ሳሚ» ትላታለች። አምስት ዓመት ጊቢያችን ኖረች። በሲንጀር ልብስ ትሰፋ ነበር፤ የምረቃ ቀሚሴን ያጠበበችልኝ እሷ ናት። የራሷን ስም የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ ቀበሌ መታወቂያ ልታወጣ ስትል ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ሻምበሉ ካምፕ ነበር። እሱ ላይ የደረሰውን እኔ አልጽፈውም። የእሷ ነው። እኔ የማውቀው ጊቢውን ነው። እናቴ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ከእሷ ጋር አደረች። በማግስቱ ጎረቤት መጥቶ «የወታደር ሚስት ደብቃችኋል» አለ። እናቴ «ተከራዬን ነው» ብላ መለሰችው።

ኅዳር 19 የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ሲገባ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ጎረቤቶች ወደ እሷ ይመጡ ጀመር። «ልጄ ተይዟል፣ ካምፕ ገብተሽ አናግሪልኝ» ይሏታል። ለአንዳንዱ ሄደች። ለአንዳንዱ አልሄደችም። ለማን እንደሄደች፣ ለማን እንዳልሄደች ሰፈሩ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። ያ «የወታደር ሚስት ደብቃችኋል» ያለው ሰው ራሱ መጥቶ ነበር። ሰኔ 2013 ላይ ጦሩ ሊወጣ ሲል ሁለት ሻንጣና ሳሚን ይዛ ሄደች። ሲንጀሩን አደራ ብላ ትታ ነው የሄደችው።

በዚህ ጊዜ አንባቢ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ፤ መቀሌ ውስጥ በየሻይ ቤቱ ጠይቀውኛል። «እዚህ በወታደር የተደፈሩ ሴቶች ገና አልተሰሙም። አንቺ የመኮንን ሚስት ትጻፍ ትያለሽ?» ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ ይሄ ነው። በቀልድ አላልፈውም። የተበደለችው ትቅደም፤ በዚህ አንከራከርም። የመኮንኗ ሚስት መጽሐፍ የእሷን ቦታ ይያዝ ከተባለ እኔም እቃወማለሁ፤ ፊደል የቆጠረችው ጽፋ አጣቢዋ የቀረችበትን የአሜሪካኖቹን ታሪክ መድገም ነው።

ግን እስቲ አስቡት። የተበደለችው የምትመሰክረው የተወሰደባትን ነው። የተወሰደው የት እንደደረሰ የምታውቀው ሌላ ሴት ናት። ቴሌቪዥኑ በየትኛው ሳሎን እንደተቀመጠ፣ የማን አንገት ሐብል በየትኛው ሰርግ ላይ እንደታሰረ፣ ባሏ ከግዳጅ ከተመለሰ በኋላ ሌሊት ምን እያለ እንደሚጮህ፣ ይህን የሚያውቅ ጄኔራል የለም፤ ካወቀም አይጽፍም። ይህን የምለው ለአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከአስመራ፣ ከዚሁ ከመቀሌም፤ ዩኒፎርም የሰቀለ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይህን የምታውቅ ሴት አለች። የኛዎቹ አዛዦች ሚስቶችም ከዚህ አያመልጡም።

«ቁስሉ ትኩስ ነው፣ ይቆይ» የሚለውንም ሰምቻለሁ። ኤልሳቤጥ ከስተር ባሏ ከሞተ በዘጠኝ ዓመቷ ጽፋለች፤ ፍራንሲስ ካሪንግተን 44 ዓመት ቆይታለች። መቆየቱ መጽሐፉን እውነተኛ አላደረገውም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ማዘያውን የሠራችው ሴት ስም እንዲጠፋ ነው። ስም ቶሎ ይጠፋል። እኔ ራሴ አምስት ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት በልጇ ስም ነው የምጠራት።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ጻፉ። መጻፍ የማይሆንላችሁ ለልጆቻችሁ ስልክ ላይ ተናገሩ፤ ድምፅ መቅጃ የሌለው ስልክ የለም። ባላችሁን አትከላከሉ፤ እሱ የራሱን መጽሐፍ ጽፏል፣ ወይም ይጽፋል። የሽንኩርት ዋጋ ጻፉ። የሠራተኛችሁን ስም ከነአባቷ ጻፉ። ለማን እንዳማለዳችሁ፣ ለማን እንዳላማለዳችሁ ጻፉ። ሻንጣው ውስጥ የነበረውን ጻፉ። እኛ አንባቢዎች ደግሞ ስለጻፋችሁት ብቻ ንጹሕ አናደርጋችሁም፤ የማን ሚስት ስለሆናችሁም መጽሐፉን አንወረውረውም።

ይህን ማለት ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም እኛም መጽሐፉ ውስጥ አለን።

ታኅሣሥ 2015 ላይ ስልክ ሲመለስ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ የማይታወቅ ቁጥር ደወለ። እናቴ አነሳች። የሳሚ እናት ነበረች። ሁለቱም መጀመሪያ አለቀሱ። ከዚያ ስለ ሳሚ አስም፣ ስለ እናቴ ደም ግፊት፣ ስለሞቱ ሰዎች አወሩ። ስለ መንግሥት አንድ ቃል አልወጣቸውም። መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ሰማሁት፦

«መኪናዬስ ደህና ናት?»

ሲንጀሩን ነው። እናቴ ዝም አለች። ቆይታ «ኣደ ሳሚ፣ በላነው» አለቻት።

እውነት ነው። በ2014፣ ባንኩ ተዘግቶ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ከቀረ ወራት ሲሆነው፣ ተሸክሜ ገበያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኩንታል የማይሞላ ማሽላ ነው የተሰጠን። ለሦስት ሰው ሁለት ወር ገደማ ሆነ። የአደራ ዕቃ ነበር። ሌላ የሚሸጥ ነገር ነበረን ወይ? የእናቴ የጆሮ ወርቅ ነበረ። መጀመሪያ የሸጥነው ግን ሲንጀሩን ነው።

በስልኩ በኩል ረጅም ዝምታ ነበር። ከዚያ «እናንተ ከበላችሁት ይሁን» አለች። ይሁን ስትል ይቅር ማለቷ ይሁን ሌላ፣ እኔ አልተረዳኝም። እሷ ብቻ ናት የምታውቀው፤ ለዚህም ነው ጻፊው የምላት። ጆሮ ወርቁ ሳይሸጥ ሲንጀሩ መሸጡን ከእኔ ነው የምትሰማው፤ ይህ ጽሑፍ ከደረሳት አሁን ሰማች።

የሳሚ እናት፣ ስትጽፊ ይህን አስገቢው። የእናቴ ስም ለተስ ይባላል፤ «ደጓ አከራዬ» ብለሽ አትለፊያት። በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ደግሞ የራስሽን ስም ከነአባትሽ አስቀምጪው፤ የሻምበሉን ሳይሆን፣ የሳሚንም ሳይሆን። ገንዘቡን አጠራቅመናል፤ መኪናዋ ትገዛለች። እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።